ወረፋ መጠበቅ፣ ጭማሪ መክፈል ወይስ ያገለገለ መግዛት? አዲስ ስፖርት መኪና ለሚፈልግ ሰው

አንድ ወዳጄ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ውስጥ ባለ ፓርኪንግ 11 ዓመት ሠርቷል። የሰው መኪና ተቀብሎ ያቆማል፣ ባለቤቱ ሲመጣ መልሶ ያወጣል። ፖርሽ 911ን መጀመሪያ የነዳት እዚያ ነው። ከበሩ እስከ ታችኛው ወለል፣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ መንገድ። የ911 ሞተር ማስነሻ ከመሪው በስተግራ መሆኑን ያኔ ነው ያወቀው። በቀኝ እጁ ሲዳብስ ባለቤቱ መጥቶ እንዳሳየው እስካሁን ያወራል።

ዛሬ የራሱ ንግድ አለው። ልጆቹን አስተምሯል፣ የቤቱን ዕዳ ከፍሎ ጨርሷል። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) 5 ሺህ ዶላር ቀብድ ሰጥቶ ለአዲስ 911 ጂቲ3፣ ለእሽቅድምድም ለተቃኘችው 911፣ ተመዘገበ። ሁለት ዓመት ጠበቀ። በየሦስት ወሩ ይደውላል። ሁሌም "በቅርቡ" ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፤ ቡና አመጣልን። የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኛ አዞረው። የስም ዝርዝር ነው፣ ከ60 በላይ ሰው አለበት። የወዳጄ ስም መሀል ላይ ተቀምጧል። "ባለፈው ዓመት ስንት ጂቲ3 መጣላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩት። "አራት" አለ። አራቱንም የወሰዱት ከዚያ ቤት ደጋግመው መኪና የገዙ ደንበኞች ናቸው። የወዳጄ ስም ዝርዝሩ ላይ አለ። በስሙ የተያዘ መኪና ግን የለም።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። ቤቱ ደጅ ስንደርስ "አንተ፣ ይሄ እኮ እቁብ አይደለም" አለኝ።

እውነቱን ነው። እቁብ ውስጥ ዕጣው ዛሬ ባይወጣልህ አንድ ቀን ይወጣልሃል። የገባ ሁሉ ይደርሰዋል። የስፖርት መኪና ወረፋ ግን ተራ አይጠብቅም። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሻጩ ነው። ከኋላ የገባ ደንበኛ ፊት ይወጣል፤ ፊት የነበረ ሰው ሳይጠራ ይቀራል። ይህን ሳያውቁ ገንዘባቸውንም ዕድሜያቸውንም የሚያባክኑ ብዙ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ወረፋው ከየት መጣ?

አማራጮቹን ከማነጻጸራችን በፊት የወረፋውን ዓይነት መለየት አለብን። ሁሉም ወረፋ አንድ አይደለምና።

አንደኛው ሆን ተብሎ የሚፈጠር ነው። የዚህ መምህር ፌራሪ ነው። መሥራቹ ኤንዞ ፌራሪ ገበያው ከሚፈልገው በአንድ ያነሰ መኪና መሥራት የሚል መርህ ትቷል ይባላል። ኤፍ50 የተሠራችው 349 ብቻ ነው። ኩባንያው በ2024 ለዓለም በሙሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ነው። በዚያው ዓመት ፖርሽ 911ን ብቻ 50,941 አስረክቧል። ፑሮሳንግዌ የምትባለዋ ባለአራት በር ፌራሪ በ2022 ስትወጣ ፈላጊዋ ብዙ ነበር። ኩባንያው ግን ከጠቅላላ ምርቱ ከ20 በመቶ እንዳትበልጥ ወሰነ። ፋብሪካው አቅም አንሶት አይደለም፤ ብዛት ስሙን እንዳያረክስበት ነው።

ሁለተኛው ከፋብሪካው የአቅም ልክ የሚመጣ ነው። 911 የምትሠራው ሽቱትጋርት፣ ሱፈንሃውዘን ውስጥ ነው። ተራዋም ጂቲ3ዋም ከዚያው ነው የምትወጣው። ይሁንና "911 ወረፋ አላት" ማለት ልክ አይደለም። ተራዋን ካሬራ ብዙም ሳትጠብቁ ታገኛላችሁ። የምታስጠብቀው ጂቲ3 ናት። ባለ 4 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ በደቂቃ እስከ 9,000 የሚዞር ሞተር የያዘችው።

ሦስተኛው አደጋ ያመጣው ወረፋ ነው። በ2021 የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ጠፋ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር እዚያ ይሠራ የነበረው የመኪና የኤሌክትሪክ ገመድ አቅርቦት ተቋረጠና የጀርመን ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው የካቲት ፌሊሲቲ ኤስ የተባለች መርከብ 4,000 ገደማ የፎልክስዋገን ግሩፕ መኪኖችን ጭና አትላንቲክ ላይ በእሳት ተያያዘች። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰጠመች። ፖርሽ፣ ቤንትሊ፣ ላምቦርጊኒ ነበሩባት። ከነዚህ ውስጥ የመጨረሻዎቹ የላምቦርጊኒ አቬንታዶሮች ይገኙበታል። ላምቦርጊኒ ያበቃውን የአቬንታዶር ምርት መልሶ ከፍቶ ለባለቤቶቹ ምትክ መሥራት ግድ ሆነበት። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2021፣ ኬንታኪ ቦውሊንግ ግሪን ያለውን የኮርቬት ፋብሪካ አውሎ ነፋስ መትቶት 122 አዳዲስ መኪኖች ተጥለዋል።

መለየቱ ጥቅሙ ይህ ነው። ሦስተኛው ወረፋ ያልፋል፤ ዓመት ታግሦ መቀመጥ ያዋጣል። ሁለተኛው አዲስ ሞዴል በወጣ ሰሞን ይረዝማል፣ እየቆየ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ግን አያልፍም። እዚያ የሚያደርሰው ትዕግሥት ብቻ አይደለም።

መጠበቅ

በስቲከር ዋጋ፣ መስኮቱ ላይ በተለጠፈው የፋብሪካው ዋጋ፣ አዲስ መኪና ማግኘት ከተሳካ ምርጡ መንገድ ይህ ነው። ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ ማርሹን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ዋስትናው ከዜሮ ይጀምራል። ጥያቄው ይሳካል ወይ ነው፤ መልሱም እንደ ብራንዱ ይለያያል።

ፌራሪ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ልዩ ሞዴል አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ይሻላል። ከሚሸጣቸው አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ሰባቱ ስምንቱ የሚሄዱት ድሮም ፌራሪ ላለው ሰው ነው። በ2024 የወጣችው ኤፍ80 የተሠራችው ለ799 ሰው ብቻ ነው። ዋጋዋ 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ነው፤ ገንዘቡን መያዝም ብቻውን አያስገባም። የሚያስገባው በዓመታት የተሠራ ታሪክ ነው፦ ስንት ገዛህ፣ ስንቱን ይዘህ ቆየህ፣ ቶሎ ሸጥክ ወይ። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ያለው መንገድ ከዲለሩ (ብራንዱን ከሚሸጠው ቤት) ያገለገለ ፌራሪ መግዛት፣ እዚያው ሰርቪስ ማስደረግ፣ ከዚያ ተራ ሞዴል ማዘዝ ነው። ብዙ ዓመት፣ ብዙ ገንዘብ። በዚህ መንገድ መሄድ የሚወድ ይሂድ። እኔ ግን አንዲት መኪና ለመግዛት ብዬ የማልፈልጋቸውን ሁለት መኪኖች አልገዛም።

ላምቦርጊኒ ትንሽ ይቀላል። ግን ሬቩልቶ በ2023 ስትወጣ ከሁለት ዓመት በላይ የሚሆነው ምርት ገና ከጅምሩ ታዝዞ ነበር። እዚያም አዲስ ሞዴል በወጣበት ሰሞን መሮጥ ዋጋ የለውም።

ፖርሽ ላይ ቁልፉ ቃል "አሎኬሽን" ነው። ፋብሪካው ለየዲለሩ በዓመት ይህን ያህል ጂቲ3 ብሎ ይመድባል። ብዙ የሚሸጥ ዲለር ብዙ ያገኛል፣ ትንሹ አንድ ሁለት። ያ ምደባ ሳይኖር የሚከፈል ቀብድ ስም ማስጻፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ስንት መጣላችሁ? ከኔ ፊት ስንት ሰው አለ? የምሸጥልህ በስቲከር ዋጋ ነው ብላችሁ ትጽፉልኛላችሁ? ካልፈለግኩ ቀብዱ ይመለሳል? መልሱን በኢሜይል አስላኩ። በአፍ የተባለ ነገር ሻጩ ሥራ ሲቀይር አብሮት ይሄዳል። ቀብዱን ደግሞ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ክርክር ቢነሳ ባንኩ አለላችሁ። ትዕዛዛችሁ እውነት ፋብሪካ ሲገባ የኮሚሽን ቁጥር ይወጣለታል። ያ ቁጥር እጃችሁ ሳይገባ "መኪናዬ እየተሠራች ነው" አትበሉ።

በዚህ ረገድ ግልጹ ኮርቬት ነው። ጀነራል ሞተርስ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የደረጃ ቁጥር ይሰጣል። 1100 ከሆነ ትዕዛዙ ገና ዲለሩ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። 2000 ላይ ኩባንያው ተቀብሎታል። 3000 ከደረሰ ለምርት ተይዟል። 3800 ማለት መኪናዋ ተሠርታለች፣ 5000 ማለት ዲለሩ ግቢ ደርሳለች። ዓመት ሙሉ 1100 ላይ የቆመ ሰው መፍትሔው ሌላ ዲለር መፈለግ ነው። ብዙ ኮርቬት የሚሸጡ ዲለሮች አሉ፤ አራት አምስት ሰዓት ነድቶ ከነሱ ማዘዝ ሰፈር ካለው ትንሽ ዲለር ሁለት ዓመት ከመጠበቅ በብዙ ይሻላል። ከፈለጋችሁ መኪናዋን ከፋብሪካው አጠገብ ካለው የኮርቬት ሙዚየም መረከብም ይቻላል።

መጠበቅ የመረጠ ሰው ስለ መሸጥም ማወቅ አለበት። አዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን አምስት ዓመት መሸጥ እንደማይችለው፣ እዚህም ለነጋዴ መሸጋገሪያ እንዳይሆን ገደብ ይጣላል። ፎርድ በ2016 ለመጀመሪያዎቹ 500 ፎርድ ጂቲዎች ማመልከቻ ሲቀበል 6,506 ሰው አመለከተ። የተመረጡት ሁለት ዓመት ላለመሸጥ ፈረሙ። ታዋቂው የነጻ ትግል ተወዳዳሪና ተዋናይ ጆን ሲና ቶሎ በመሸጡ በ2017 ተከሰሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት ጨረሱ። ጀነራል ሞተርስ ከተራዋ የበረታችውን ኮርቬት ዚ06ን በ12 ወር ውስጥ የሸጠ ሰው የዋስትናው የተወሰነ ክፍል ወደ አዲሱ ገዢ እንዳይተላለፍ አደረገ፤ ይዞ ለቆየው ደግሞ 5 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የሽልማት ነጥብ ሰጠ። ፖርሽ 1,963 ብቻ ያመረታትን 911 ኤስ/ቲ አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን ዓመት በሊዝ ነው የሰጠው። የራስህ ያልሆነን መኪና መሸጥ አትችልም።

እኔ እነዚህን ገደቦች እደግፋለሁ። እቁብ ውስጥም ዕጣ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ለቸገረው ሰው ይሸጣል፣ ይጠቀማል፣ ይጠቅማል። እዚህ ግን ዕጣ ሻጩ በበዛ ቁጥር መኪናዋን የሚወድ ሰው ከኋላ ይቀራል።

ጭማሪ መክፈል

አሜሪካ ውስጥ ዲለር ራሱን የቻለ ነጋዴ ነው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ፋብሪካው የሚመክረው ዋጋ ነው እንጂ አያስገድድም። ስለዚህ ዲለሩ 50 ሺህ ሊጨምርበት ይችላል፣ 100 ሺህም ሊጨምር ይችላል። በ2022 ጂቲ3 ላይም ዚ06 ላይም ይህ በየቦታው ሲደረግ ነበር።

አስተያየቴ አጭር ነው፦ አትክፈሉ።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ጭማሪው ላይ ግብር ትከፍላላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ ነው፤ 50 ሺህ ጭማሪ ላይ ብቻ 2,075 ዶላር። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ሆኗል፤ 3,250 ዶላር። መኪናዋ ብትሰረቅ ወይም ብትጋጭ ኢንሹራንሱ የሚያየው የገበያ ዋጋዋን እንጂ የከፈላችሁትን ጭማሪ አይደለም። ስትሸጡም ገዢው "ጭማሪ ከፍሎ ነበር" ብሎ አያዝንላችሁም። መጀመሪያ ሰሞን ለዚ06 ጭማሪ የከፈሉ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ያችኑ መኪና በስቲከር ዋጋና ከዚያ በታች ሲያዩዋት ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም።

አንድ ሰው ብቻ ጭማሪ ቢከፍል አልቃወምም። ጥሬ ገንዘቡ ያለው፣ መኪናዋን እስኪያረጅ የማይሸጣት፣ ሞዴሉም ምርቱ ሊቆም የደረሰበት። ባንክ ተበድሮ ጭማሪ መክፈል ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኪናዋ ከምታወጣው በላይ ባለዕዳ መሆን ነው።

ያገለገለ መግዛት

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ግን እንደ ሞዴሉ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው።

ሀይብሪድ ሱፐርካር ከሆነ ገዢው ነው የሚጠቀመው። ፌራሪ ኤስኤፍ90 ስትወጣ እንዴት ተፈልጋ ነበር! ያገለገለችው ግን ዋጋዋ ከአዲሱ በብዙ ወርዷል። የኤሌክትሪኳ ፖርሽ ታይካንም እንዲሁ፤ ከሁሉም በላይ የወረደችው እሷ ናት። ተራው የአሁኑ ትውልድ (ሲ8) ኮርቬትም፣ ዚ06ም ያገለገሉት በጥሩ ዋጋ ይገኛሉ። እነዚህን አዲስ ለመግዛት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ለምን እንደሚጠብቅ አንድ ጊዜ ራሱን ይጠይቅ።

ጂቲ3 ሌላ ናት። የ2022ቷ መነሻ ዋጋ 161,100 ዶላር ነበር። የ2025ቷ 222,500 ሆነ። አዲሷ እንዲህ ስትወደድ አሮጌዋም አብራ ከፍ አለች። ስለዚህ ሦስት ዓመት የተነዳች ጂቲ3 ስትገዙ ያኔ ከነበረው ስቲከሯ በላይ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ጭማሪ አትክፈሉ ካልኩ በኋላ ይህን ስናገር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። እዚህ የምትከፍሉት ገበያው ያጸናውን ዋጋ ነው። ብትሸጧትም ያው ዋጋ አካባቢ ነው የምትሸጡት። ጭማሪው ግን አዲስነቱ ሲያልፍ የሚተን ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ በ2025 አሜሪካ በውጭ መኪኖች ላይ ታሪፍ ስትጥል፣ አገሩ ውስጥ ቀድሞ የገባ ያገለገለ መኪና ያ ነገር አልነካውም። ፖርሽ አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ የለውም፤ ሁሉም በመርከብ ነው የሚመጣው።

ያገለገለ ጂቲ3 ለማየት ስትሄዱ ቀለሙ አያታልላችሁ። እኛ እንዲህ ነው ያየነው።

ከወዳጄ ጋር አንዲት ጂቲ3 ለማየት ሪችመንድ ድረስ ነዳን። ነጭ፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል፣ 6 ሺህ ማይል የሄደች። ከሩቅ ሲያዩዋት እንከን የላትም። ወዳጄ መጀመሪያ ያደረገው መንበርከክ ነው። ከፊት መከላከያዋ ሥር በስልኩ መብራት አየ። ከዚያ ጎማውን ዳሰሰ፤ ከውስጥ በኩል ያለው ጠርዝ ከውጭው በላይ ተበልቷል። ትራክ ላይ የተነዳች መኪና ምልክት ነው። "አብርረዋታል" አለኝ ቀስ ብሎ። 11 ዓመት የሰው መኪና ያቆመ ሰው ዓይን ሌላ ነው።

ትራክ መነዳቷ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጂቲ3 የተሠራችው ለዚያ ነው። ጥፋቱ ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው፤ የሚታወቀውም በአንድ ወረቀት ነው። የፖርሽ ሞተር ኮምፒውተር ሞተሩ ከልኩ በላይ የዞረበትን ጊዜ ሁሉ ከ1 እስከ 6 በስድስት ደረጃ ይመዘግባል። ዝቅተኞቹ ደረጃዎች ላይ ቁጥር ቢኖር አያስደነግጥም። ከፍተኞቹ ላይ፣ በተለይ 5 እና 6 ላይ ቁጥር ካለ ግን አንድ ሰው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ወደ አራተኛ ሊገባ ሲል ሁለተኛ ማርሽ አስገብቷል ማለት ነው። ሞተሩ ያኔ የተጎዳው ዛሬ ላይሰማ ይችላል። በኋላ ይመጣል። አውቶማቲኩ ማርሽ ይህን ስህተት አይፈቅድም፤ ማንዋል ከገዛችሁ ግን ይህን ወረቀት ሳታዩ አትፈርሙ።

ወረቀቱን የሚያወጣው የፖርሽ ሰርቪስ ነው። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ሌላ ቤት ወስዳችሁ አስመርምሩ፤ የምርመራውን ዋጋ ራሳችሁ ክፈሉ። ካርፋክስ (የመኪና ታሪክ ሪፖርት) ብቻውን አይበቃም። ኢንሹራንስ ያልሰማውን ግጭት ካርፋክስ አያውቀውም። ፍሬኖቹ ሴራሚክ ከሆኑ ዲስኮቹን አስለኩ፤ መቀየር ካለባቸው ዋጋቸው አንድ ደህና ያገለገለ ቶዮታ ይገዛል። ጂቲ3 ጎማዋን የሚይዘው እንደ እሽቅድምድም መኪና መሀል ላይ ያለ አንድ ትልቅ ብሎን ነው፤ በ600 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው። ሰፈር ያለ ጎሚስታ እንዲነካው አትፍቀዱ።

ፖርሽ ራሱ መርምሮ የሚሸጣቸው ያገለገሉ መኪኖችም አሉ። የመጀመሪያው የአራት ዓመት ወይም የ50 ሺህ ማይል ዋስትና ሲያልቅ፣ የማይል ገደብ የሌለው ሁለት ዓመት ይጨመርበታል። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ማንዋል ለሚገዛ ሰው ግን ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ወረፋ የሌላትን እህቷን መግዛት

ይህን መንገድ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም።

911 ካሬራ ቲ 388 የፈረስ ጉልበት አላት። ማርሿ ማንዋል ብቻ ነው። የ2025ቷ መነሻዋ 134 ሺህ ዶላር ነው። ከጂቲ3 ጋር ያለው ልዩነት ወደ 90 ሺህ ይጠጋል። መንገድ ላይ፣ በሕግ በተፈቀደ ፍጥነት፣ ያ ልዩነት አብዛኛው አይሰማም። የሚሰማው ድምፁ ነው። የጂቲ3 ሞተር ከ8,000 በላይ ሲወጣ ያለውን ድምፅ ካሬራ አትሰጣችሁም። ያ ድምፅ ለእናንተ ዋናው ከሆነ እህቷን ገዝታችሁ አትረኩም፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትሸጧታላችሁ። መኪናዋን በመንዳት ለማጣጣም ለሚፈልግ ሰው ግን ካሬራ ቲ እውነተኛ 911 ናት። ኋላ ወንበር ላይ ልጅ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ጂቲ3 አሜሪካ ውስጥ የኋላ ወንበር የላትም።

ኮርቬት ውስጥም ያው ነው። ተራዋ ስቲንግሬይ በ2019 ይፋ ስትሆን ከ60 ሺህ ዶላር በታች ነበረች። ዛሬ ጨምራለች፤ አሁንም ግን በዚህ ዋጋ ሞተሯ ከሹፌሩ ጀርባ የሆነ ሌላ አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር አላውቅም። ዚ06 670 የፈረስ ጉልበት፣ 5.5 ሊትር፣ እስከ 8,600 የሚዞር ሞተር አላት። ከጂቲ3 ጋር በድምፅ የምትፎካከር እሷ ናት። በጂቲ3 ዋጋ ዚ06 ገዝቶ ለልጅ ትምህርት የሚተርፍ ገንዘብ መያዝ ይቻላል።

ከመግዛት በኋላ ስላለው ወጪ

ሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፌርፋክስ ካውንቲ ለዓመታት ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የመኪና ዋጋ 4 ዶላር ከ57 ሳንቲም በየዓመቱ ሲያስከፍል ኖሯል። 200 ሺህ ዶላር የምታወጣ መኪና ላይ 9,140 ዶላር ይሆናል። በየዓመቱ። የሚደረገው ቅናሽ የመጀመሪያዋን 20 ሺህ ብቻ ነው የሚነካው። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ያለ ሰው ይህን ግብር አይከፍልም። ወዳጄ ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ስጽፍለት ከጂቲ3 ዋጋ ይልቅ ያስደነገጠው እሱ ነው።

ዱባይና ዶሃ ላላችሁ ደግሞ፦ እዚያ ትርኢት ክፍል ውስጥ ዜሮ ኪሎሜትር ተብላ የምትቆም መኪና ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ወረፋ ጠብቆ ያገኛት ናት። መጠየቅ አትፍሩ፤ የመጀመሪያው ባለቤት ማን ነው፣ ዋስትናው ከየትኛው ቀን ጀመረ፣ ለባሕረ ሰላጤ ገበያ የተሠራች ናት ወይስ ከአሜሪካ የመጣች? ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ ዋጋዋ ዝቅ ማለት አለበት።

ገዝቼ አገር ቤት እልካለሁ ለሚል ወንድሜ፣ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ጂቲ3 አትገባም። የኤሌክትሪኳ ታይካን ግን ነዳጅ አትጠጣም፤ ያገለገለችው ርካሽ መሆኗን ከላይ ብያለሁ።

ወዳጄስ?

የሪችመንዷን ነጭ መኪና ተወው። የሞተሩ ወረቀት ላይ አምስተኛው ደረጃ ቁጥር ነበረው። ሻጩ "ምንም አይደለም" አለ። ወዳጄ አልተከራከረም፤ አመስግኖ ወጣ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሌላ አገኘ። የ2022፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ማንዋል፣ አንድ ባለቤት ብቻ የነዳት። ወረቀቷ ንጹህ ነው። ያመጣነው እሁድ ነው። ሹፌሩ እሱ፣ አጠገቡ እኔ። ከመነሳታችን በፊት ግራ እጁን ወደ ማስነሻው ዘረጋ። ሳያይ ነው ያገኘው።

ሰኞ ዕለት ወደ መጀመሪያው ዲለር ደወለና ስሜን ከዝርዝሩ አውጡልኝ አለ። 5 ሺህ ዶላሩ በዘጠነኛው ቀን ክሬዲት ካርዱ ላይ ተመለሰለት።